ድንጋይ ላይ ያየሻት ወፍ ማን ናት? መልሱ ደብዛዛው ፎቶ ውስጥ ነው

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። በእግር ጉዞ ላይ ሳለሁ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አየሁ። ከድንቢጥ እምብዛም አትበልጥም። ጀርባዋ ግራጫና ቡኒ የተቀላቀለበት ነው፤ ደረቷ ወደ ክሬም ያደላል። ድንጋይ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ጎንበስ ቀና ትላለች፣ ከዚያ ዝቅ ብላ በርራ ሌላ ድንጋይ ላይ ታርፋለች። ሁለት ፎቶ አንስቻለሁ። አንዱ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ግን ተነስታ ስትበር ያነሳሁት ስለሆነ ደብዛዛ ነው፤ ይቅርታ። አንድ ጓደኛዬ ሬድስታርት ናት አለኝ። ሌላዋ በንቲንግ ናት ትላለች። የስልኬ መተግበሪያ ደግሞ ሦስት የተለያየ ስም ሰጠኝ። ማን ናት? ወደፊትስ ራሴን ችዬ እንዴት ልለይ?»

እህቴ፣ ለደብዛዛው ፎቶ ይቅርታ አያስፈልግም። እንዳትሰርዢውም አደራ። ጥርት ያለውን ፎቶ ብቻ ብትልኪልኝ ኖሮ «ምናልባት» እያልኩ አንድ ገጽ እጽፍልሽ ነበር። ደብዛዛው ግን ወፏ ማን እንደሆነች በግልጽ ይናገራል።

ወፏ ዊቲር ናት። ከዊቲሮችም የሰሜን ዊቲር የምትባለው። የመራቢያ ጊዜ ልብሱን የለበሰ ወንድ እንዳልሆነች እርግጠኛ ነኝ። እሱ ቢሆን ጀርባው ንጹህ ግራጫ፣ ክንፉ ጥቁር፣ ዓይኑ ላይ ደግሞ እንደ ጭምብል ያለ ጥቁር መስመር ይኖረው ነበር። ያንቺዋ ሴት ናት፣ ወይም ገና ዓመት ያልሞላት ወጣት።

እንዴት አወቅኩ? ጥርት ያለውን ፎቶ መጀመሪያ እንየው። ወፏ ጀርባዋን ሰጥታሽ ቆማለች። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በጣም የሚያምር ፎቶ ነው። ግን የሚታየው ጀርባ ነው። አለት ላይ የሚኖሩ ትንንሽ ወፎች ደግሞ ጀርባቸው ይመሳሰላል። ከላይ የሚያያቸው ጭልፊት ነውና ጀርባቸው ድንጋይ መምሰል አለበት። ግራጫ፣ ቡኒ፣ አቧራማ፣ አሸዋማ። ጭልፊትን ለማታለል የተሠራ ቀለም እኛንም ያታልለናል። ጀማሪ ሰው ግን ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ጀርባ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ወፏ ቆማ ስትታይ ሰፊው ክፍሏ እሱ ነው።

አሁን ወደ ደብዛዛው እንምጣ። ክንፏ ጭጋግ ይመስላል። ጭንቅላቷ የለም ማለት ይቻላል። ጭራዋ ግን እንደ ማራገቢያ ተከፍቷል። ወገቧና የጭራዋ ሥር ነጭ ነው፤ ድምቅ ያለ ነጭ። የጭራዋ ጫፍ ላይ ጥቁር ቀበቶ አለ። ከቀበቶው መሃል ደግሞ ጥቁር መስመር ወደ ሰውነቷ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታያቸው የእንግሊዝኛውን ቲ ፊደል ገልብጠሽ የሳልሽው ይመስላል። ይህ የተገለበጠ ቲ የአብዛኞቹ ዊቲሮች ማኅተም ነው። በተቀመጠችበት ጭራዋ ስለሚታጠፍ ነጩ ከክንፏ ሥር ይደበቃል። ስትነሳ ብቻ ይከፈታል። አንድ ሰከንድ ያህል ታያለሽ፣ ከዚያ ሌላ ድንጋይ ላይ አርፋ መልሳ ድንጋይ ትሆናለች።

የእንግሊዝኛ ስሟ ራሱ የሚናገረው ስለዚሁ ነጭ ነው። ዛሬ ሲነበብ ስንዴና ጆሮ የተጣመሩ ይመስላል፤ ግን ከሁለቱም ጋር አይገናኝም። «ነጭ መቀመጫ» ከሚል የድሮ አጠራር የተጣመመ ነው። ፈረንሳዮችም በተለምዶ በዚሁ ስም ይጠሯታል። ጀርመኖች ግን ያዩትን ትተው የሰሙትን ሰየሙ። የእነሱ ስም ድንጋይ ከሚለው ቃልና ከንፈር ከሚያሰማው የመምጠጥ ድምፅ የተሠራ ነው። ወደ ድምፁ በኋላ እመለሳለሁ።

ጓደኞችሽ የገመቱትን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም።

ሬድስታርት ያለሽ ሰው በአእምሮው ያለው ጥቁር ሬድስታርት የሚባለው ይመስለኛል። እሱም አለትና ገደል ይወዳል፣ መጠኑም ተቀራራቢ ነው፣ ቀጥ ብሎም ይቆማል። ሴቷ ግራጫ ቡኒ ናት፣ ጎላ ያለ ምልክት የላትም። ከጀርባ ብቻ ካየሻት ከዊቲር ጋር ብትምታታ አይገርምም። ጭራዋ ግን ዝገት የመሰለ ቀይ ብርቱካናማ ነው። ያንን ጭራ ደግሞ ተቀምጣም ዝም አታሰኘውም፤ ብርድ እንደያዘው ሰው ያንቀጠቅጠዋል። ነጭ የለበትም። ነጭ ካየሽ ሬድስታርቱን ተይው። ቀይ ብልጭታ ካየሽ ደግሞ ዊቲሩን ተይው። ይህ ከማውቃቸው መለያዎች ሁሉ ቀላሉና ፈጣኑ ነው።

በንቲንግ ያለችሽ ጓደኛሽ ነጭ ብልጭታውን አይታ ይሆናል። ድንጋይ የሚወዱ በንቲንጎች አሉ። በደቡብ አውሮፓና በእስያ ተራሮች የሚኖረው የድንጋይ በንቲንግ ጭራው ላይ ነጭ አለው፤ ግን ነጩ ያለው በጭራው ሁለት ጠርዞች ላይ ነው እንጂ ሥሩ ላይ አይደለም። ሲበር ግራና ቀኝ ሁለት ነጭ መስመር ታያለሽ፤ መሃሉ ጨለማ ነው። ከዚህ በላይ የሚለያቸው መንቁራቸው ነው። በንቲንግ ዘር ፈልፍሎ የሚበላ ወፍ ስለሆነ መንቁሩ አጭርና ወፍራም ነው። ዊቲር የምትኖረው በነፍሳት ነው፤ ጉንዳን፣ ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬ። መንቁሯ ቀጭንና ሹል ነው። ጥርት ያለው ፎቶሽ ላይ ወፏ ፊቷን ትንሽ ዞር አድርጋለችና መንቁሯን አጉልተሽ እዪው። እንደ መርፌ ነው። በንቲንግ የሚለው ግምት እዚያው ያበቃል። የድንጋይ በንቲንግ ደግሞ ጭንቅላቱ ግራጫ ሆኖ በጥቁር መስመሮች የተሰመረ ነው። የአፍሪካው ዘመዱ፣ ቀረፋማ ደረት ያለው በንቲንግ፣ ጭንቅላቱ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተሰመረ ነው። ያንቺዋ እንዲህ ያለ ምንም የላትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ዊቲር መሆኗን ማወቅ ግማሹ መንገድ ነው። ዊቲሮች ብዙ ናቸው። በላቲኑ የሳይንስ ስማቸው ኦይናንቴ ይባላሉ፤ ትርጉሙ የወይን አበባ ማለት ነው። በዚህ ስም ሥር ከ20 በላይ ዝርያ አለ። አብዛኞቹ የድንጋይ፣ የበረሃና የደረቅ ሜዳ ወፎች ናቸው። ወንዶቹ በመራቢያ ጊዜ በቀላሉ ይለያሉ። ሴቶቹና ወጣቶቹ ግን አንድ እናት የወለደቻቸው እህትማማቾች ይመስላሉ። እዚህም የሚያድነን ጭራው ነው፤ የጥቁሩና የነጩ ድርሻ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል።

በሰሜን ዊቲር ቀበቶው እኩል ስፋት አለው፤ ከጭራው ርዝመት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይይዛል። የቲው እግርም ረዘም ያለ ነው። በኢዛቤላ ዊቲር ቀበቶው ሰፊ ነው፣ ግማሹን ጭራ ገደማ ይሸፍናል፤ ስለዚህ እግሩ አጭርና ድፍን ሆኖ ይታያል። የበረሃ ዊቲር ደግሞ ቲ የሚባል ነገር የለውም፤ ጭራው እስከ ሥሩ ድረስ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል፣ ነጩ ወገቡ ላይ ብቻ ይቀራል። ፓይድ የሚባለው ዊቲር ጥቁሩ በጭራው ጠርዝ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀበቶው ቀጭንና ያልተስተካከለ ነው። ነጭ ዘውድ ያለው ዊቲር ተቃራኒ ነው፤ ጭራው ጎንና ጎኑ ነጭ ሆኖ መሃሉ ብቻ ጥቁር ነው፣ ጫፉ ላይም ቢሆን ትንንሽ ነጥብ እንጂ ቀበቶ የለውም። ፎቶሽን ከእነዚህ ጋር አስተያዪው። ቀበቶው እኩል፣ ጠባብ፣ እግሩም ረጅም ነው።

የቀረኝ ጥርጣሬ ኢዛቤላ ብቻ ነበር። እሱን ለማጣራት ረጅም ጊዜ ፎቶሽ ላይ ቆየሁ፤ በዚህ አንዴ ራሴ ስለተሳሳትኩ። ከዓመታት በፊት አንድ አመሻሽ ላይ አንዲት ዊቲር አይቼ ያለ ጥርጥር ኢዛቤላ ብዬ መዘገብኩ። አሸዋማ፣ ነጣ ያለች፣ ቁመቷ ቀጥ ያለ ነበረች። በማግሥቱ ጠዋት እዚያው ድንጋይ ላይ አገኘኋት። በጠዋት ብርሃን ስትታይ ግራጫ ቡኒ ነበረች፤ ስትነሳም የሰሜን ዊቲር ጭራ አሳየችኝ። ወርቃማ ያደረጋት የምሽቱ ፀሐይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የታየን የላባ ቀለም ለብቻው አላምንም። መዝገቤንም አርሜያለሁ።

ኢዛቤላን የሚለየው ምንድን ነው? ከጭራው ሌላ ክንፉን ማየት ነው። ኢዛቤላ ክንፉም ጀርባውም አንድ ዓይነት አሸዋማ ቀለም ነው። በዚያ ወጥ ቀለም ላይ ክንፉ መታጠፊያ አካባቢ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻዋን ጎልታ ትታያለች። የሰሜን ዊቲር ክንፍ ግን በአጠቃላይ ከጀርባው የጠቆረ ስለሆነ ያቺ ነጥብ ትዋጣለች፣ አትለይም። ቅንድቡም፣ ማለትም ከዓይኑ በላይ ያለው ነጣ ያለ መስመር፣ ይረዳል። በኢዛቤላ ከዓይን ፊት ያለው ክፍል ይነጣል፤ በሰሜን ዊቲር ከዓይን በስተኋላ ያለው ይሰፋል። ኢዛቤላ እግሩ ረዘም ይላል፣ ጭራው አጠር ይላል፣ ስለዚህ ሲቆም እንደ ወታደር ቀጥ ይላል። ይህ የመጨረሻው ግን ሊያሳስት ይችላል። የደነገጠች ሰሜን ዊቲርም እንደዚያው ቀጥ ትላለች። ያንቺዋ ክንፏ ከጀርባዋ ጠቆር ያለ ነው። ጥቁር ነጥቧ ለብቻዋ አትታይም። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ጠፋ።

ጎንበስ ቀና ትላለች ብለሽ የጻፍሽው ትክክለኛ ትዝብት ነው። ግን ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ድንጋይ ላይ የሚኖሩ ወፎች ብዙዎቹ ይህን ያደርጋሉ። ሬድስታርት ያደርገዋል። በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ገደሎች ላይ የሚኖረው የድንጋይ ሬን ደግሞ ያለ ማቋረጥ ጎንበስ ቀና ይላል። የኒውዚላንዱ የድንጋይ ሬንም እንዲሁ። እነዚህ ሁለቱ በነገራችን ላይ አንድ ስም ይጋራሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የኒውዚላንዱ በጣም ጥንታዊ ከሆነ የወፍ ቤተሰብ የተረፈ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ትንሽ ፍጡር ነው። ከዘማሪ ወፎች ወገንም አይቆጠርም። የጋራ ስም ሲያጋጥምሽ ዝምድና ነው ብለሽ አትቸኩይ። ብዙ የወፍ ስሞች የወጡት ወፏን ከሩቅ አይተው የራሳቸውን አገር ወፍ ባስታወሱ ተጓዦች ነው።

ከጎንበስ ቀናው ይልቅ የምትሄድበትን መንገድ ብትነግሪኝ እመርጣለሁ። ዊቲር መሬት ላይ ጥቂት ሮጥ ትላለች፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ዙሪያዋን ትቃኛለች፣ እንደገና ትሮጣለች። ፒፒት የሚባሉት ወፎች ግን እንደ ሰው ይራመዳሉ፤ የብዙዎቹ ደረትም በጥቁር ጭረት የተሞላ ነው። በንቲንግ ዘር እየለቀመ ጎንበስ እንዳለ ይቆያል። ቀጥ ያለ የገደል ግድግዳ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየተንቀሳቀሰ ካየሽ ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ገብተሻል። ግራጫ ሆኖ ዓይኑን የሚያቋርጥ ጥቁር መስመር ካለው የድንጋይ ነትሃች ነው፤ ጎጆውን በጭቃ እንደ እንስራ አፍ አድርጎ አለት ላይ ይለጥፋል። ክንፉን በየሰከንዱ ከፈት እያደረገ ደማቅ ቀይ ካሳየሽ ግን ዎልክሪፐር ነው፤ ከፒሬኒስ እስከ ሂማላያና ቻይና ባሉ ከፍተኛ ገደሎች ላይ ይኖራል። እሱን ካየሽ ስሙን ትጠይቂኛለሽ ብዬ አልጠብቅም። አንዴ የታየ አይረሳም።

ያላሟላሽልኝ አንድ ነገር አለ። የት እንዳየሻት አልጻፍሽም፣ ቀኑንም አልጻፍሽም። ለአብዛኞቹ ወፎች ይህ ትልቅ ጉድለት ይሆን ነበር፤ ቦታና ወቅት ብቻውን ግማሹን ዝርዝር ይሰርዛል። በዚህች ወፍ ላይ ግን ብዙም አላገደኝም። ምክንያቱም የሰሜን ዊቲር የምትደርስበት ስፍራ እጅግ ሰፊ ነው።

ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ርዝመቷ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ክብደቷ እንደ ወቅቱ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ግራም ነው። የምትራባው በመላው አውሮፓና ሰሜን እስያ፣ በግሪንላንድ፣ በሰሜን ምሥራቅ ካናዳ፣ እንዲሁም በአላስካ ነው። የሰሜኑን ብርዳማ ወራት የምታሳልፈው ግን፣ ከየትም ትምጣ፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። የአላስካዎቹ እንኳን ቅርባቸው ያለውን ደቡብ አሜሪካን ትተው ወደ አፍሪካ ይመለሳሉ። ተመራማሪዎች ጥቂት ወፎች ላይ ከ2 ግራም ያነሰ፣ የፀሐይን መውጫና መግቢያ እየመዘገበ ወፏ የት እንዳለች የሚጠቁም የብርሃን መቅጃ አስረው ለቀቋቸው፤ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2012 ታተመ። የአላስካዎቹ ሳይቤሪያንና የዓረብን በረሃ አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ገቡ፤ ለአንድ ጉዞ ብቻ ወደ 14,500 ኪሎ ሜትር። ከካናዳ የተነሳችው ደግሞ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር አቋርጣ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወረደች። ያቺ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ቀና ስትል ያየሻት ወፍ የዚህ ዘር ናት። በጉዞ ላይ ከሆነች ደግሞ አለት ብቻ አትመርጥም። የታረሰ ማሳ፣ የባሕር ዳርቻ፣ የእግር ኳስ ሜዳ ላይም ልታገኚያት ትችያለሽ።

ስለ ድምፁ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ዊቲር ስትረበሽ የምታሰማው ድምፅ ሁለት ጠጠር እርስ በርስ ሲጋጭ የሚሰማውን ይመስላል። «ቻክ፣ ቻክ»። አንዳንዴ ከፊቱ ቀጭን ፉጨት ይገባበታል። ድንጋያማ ቦታ ላይ ቆመሽ ይህን ከሰማሽ ጠጠር የተንከባለለ መስሎሽ ዞር ልትይ ትችያለሽ። ጆሮሽን ልመጂው። ዓይን አንድ አቅጣጫ ብቻ ያያል፤ ጆሮ ግን ከኋላሽም ያገኛታል።

ጆሮ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ የምወደው እውነተኛ ታሪክ አለ። በናይጄሪያ ጆስ አምባ ላይ ኢንዲጎበርድ የሚባል ወፍ አለ። እንቁላሉን ፋየርፊንች በሚባሉ ትንንሽ ወፎች ጎጆ ይጥላል፤ ወንዱም ያሳደገውን ወፍ ዜማ እየቀዳ ይዘምራል። ሮበርት ፔይን የተባለ የወፍ ሳይንቲስት ይህን ዜማ ሲያዳምጥ ከሚያውቃቸው ፋየርፊንቾች ከየትኛውም ጋር አልገጠመለትም። እንግዲያው ዜማው የተቀዳው ከማን ነው? ፈለገው። ድንጋያማ ኮረብታዎች ላይ የሚኖር፣ ሳይንስ ያልመዘገበው ትንሽ ቀይ ወፍ ተገኘ። በፈረንጆቹ 1998 የድንጋይ ፋየርፊንች ተብሎ ተሰየመ። ወፏ መኖሯ የታወቀው በሌላ ወፍ አፍ ነው።

እዚህ ላይ ከመስመሬ ትንሽ ወጣ ልበል፤ ዊቲርና ድንጋይ ሲነሳ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አይሆንልኝም። በስፔን፣ በፖርቱጋልና በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጥቁር ዊቲር የሚባል አለ። ክብደቱ 40 ግራም ገደማ ነው። ወንዱ በመራቢያ ወቅት ጠጠር በመንቁሩ እየያዘ ወደ ጎጆው ቀዳዳ ያመላልሳል። አንድ ወንድ በአንድ ወቅት ተሸክሞ የሚያከማቸው ድንጋይ ሲደመር ከ1 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሴቷ አጠገቡ ሆና ታያለች። በደቡብ ስፔን ያጠኑት ሳይንቲስቶች ይህ ሸክም ሴቷ የወንዱን ጉልበት የምትመዝንበት መንገድ እንደሆነ ይገልጻሉ። ያ ጠጠር ክምር ለእኛም ይጠቅማል። ወፉን ሳታዪ አለት ቀዳዳ ደጃፍ ላይ የተነጠፈ ጠጠር ካገኘሽ ማን እንደሚኖር መገመት ትችያለሽ። የአሜሪካው የድንጋይ ሬንም እንዲሁ የጎጆውን ደጃፍ በጠፍጣፋ ጠጠሮች ያነጥፋል። በዘር አይገናኙም፤ ሁለቱንም የሚያገናኛቸው ድንጋዩ ነው።

ስለ መተግበሪያው። ሦስት ስም የሰጠሽ ጀርባ ብቻ የሚታይበትን ፎቶ ስለሰጠሽው ይመስለኛል። እነዚህ መተግበሪያዎች ጥሩ ናቸው። እኔም መርሊን የሚባለውን የኮርኔል የወፍ ጥናት ላቦራቶሪ መተግበሪያ እጠቀማለሁ። ግን ቦታና ቀን በትክክል ካላስገባሽለት ግምቱ ይላላል። አንድ ነገር ልለምንሽ። መተግበሪያውን ከመክፈትሽ በፊት ያየሽውን በራስሽ ቃል ጻፊ። ስም ከሰማሽ በኋላ አእምሮሽ ያላየሽውን ያየሽ ያስመስልሻል። «ጭራው ቀይ ነበር መሰለኝ» ትያለሽ፤ ሬድስታርት የሚለውን ስላነበብሽ ብቻ። በዚህ ምክንያት የተበላሹ ብዙ ጥሩ ትዝብቶች አይቻለሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ድንጋያማ ቦታ ስትደርሺ ወፏን አትከተያት። ተቀመጪ። ዊቲር የምትወዳቸው የተወሰኑ ከፍ ያሉ ድንጋዮች አሏት፤ ትሄዳለች፣ ነፍሳት ትይዛለች፣ ተመልሳ እዚያው ታርፋለች። በድንጋዩ አናት ላይ ነጭ ኩስ ካየሽ መቀመጫዋ እሱ ነው። ፀሐይን ከኋላሽ አድርገሽ ጠብቂ። ባይኖኩላር ካለሽ 8 በ42 የሚባለው፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያጎላው፣ ለዚህ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ያስቸግራል። ካሜራሽን በተከታታይ እንዲያነሳ አድርጊው። የመዝጊያውን ፍጥነት ከፍ አድርጊ፤ 1/2000 ሰከንድ ከተቻለ። ወፏ ቁጭ እንዳለች አንድ ሁለት ካነሳሽ በኋላ ጣትሽን ሳታነሺ ጠብቂ። የምትፈልጊው ስትነሳ ያለውን ቅጽበት ነው። ብርሃኑንም ትንሽ ቀንሽው፤ አለቱ ጨለም ያለ ስለሆነ ካሜራው ያበራዋል፣ ያኔ ነጩ ወገብ ተቃጥሎ ጥቁሩ ቀበቶ ድንበሩ ይጠፋል።

ላባ እንደሚያረጅም አትርሺ። አንዳንድ ዊቲሮች አዲስ ላባ ሲያወጡ ጠርዙ ክሬም ቀለም ይሆናል፤ ጥቁሩን ይሸፍነዋል። ወራት ሲያልፉ ጠርዙ ተሸርሽሮ ይረግፋል፣ ጥቁሩም ይወጣል። ፓይድ ዊቲር ወንዱ በዚህ መንገድ ነው ከአቧራማነት ወደ ጥቁርና ነጭነት የሚለወጠው። ጭራው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። ዓመቱን ሙሉ እንዲታመን ያደረገው ይህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ከፎቶው ሁሉ ይበልጥብኛል። ዊቲር የምትራባው ድንጋይ ሥር ባለ ጉድጓድ፣ በድንጋይ ካብ ስንጥቅ፣ አንዳንዴም አይጥ በለቀቀው ቀዳዳ ነው። መንቁሯ ላይ ትል ይዛ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች «ቻክ ቻክ» እያለች ወደ የትም ሳትገባ ካየሻት፣ የቆምሽው ጎጆዋ አጠገብ ነው ማለት ነው። ጫጩቶቹ እየጠበቁ ነው፤ አንቺ እስካለሽ አትገባም። ፎቶውን ተይውና ሰላሳ አርባ እርምጃ ወደ ኋላ ሂጂ። ከዚያ ሆነሽ እዪያት። ስትገባ ታያለሽ፤ ስትወጣም ጭራዋን ታሳይሻለች።

አሁን ቦታውንና ቀኑን ላኪልኝ። ከተቻለም ደብዛዛውን ፎቶ ሳትቆርጪ፣ ሳታስተካክዪ፣ እንዳለ ላኪው። የቀበቶውን ስፋት ከጭራው ርዝመት ጋር እለካለሁ፤ አዋቂ ሴት ትሁን ወይስ ዓመት ያልሞላት ወጣት የሚለውን ደግሞ ከክንፏ ላባ ጠርዝ ለመለየት እሞክራለሁ።